ጥላ የሚጠፋበት የፉሪ ቀትር

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ብዙዎችን አስደንግጧል። የችግሩ መንስዔዎች በርካታ ናቸው። ብዙም የማይነሣው ግን አንድ ነው፤ ልጆቻችን ሳይንስንና ሒሳብን የሚተዋወቁት በጥያቄ ሳይሆን በሽምደዳ መሆኑ።

ከዚያ በፊት የተሞከሩ መፍትሔዎች ነበሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርት ቤተ ሙከራ ላላዩ ተማሪዎች ሙከራን በምስል አሳይቷል። እጁን ላወጣ ተማሪ ግን ቆም አይልም ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የመጣው የ70/30 የዩኒቨርሲቲ ምደባም ብዙዎችን ወደ ሳይንስና ምሕንድስና መርቷል። ይሁን እንጂ ምደባ የማወቅ ጉጉትን አይፈጥርም።

ጉጉት የሚቀሰቀሰው ልጁ በዓይኑ ያየውን ነገር ማብራራት ሲያቅተው ነው። ለዚህ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሰበታና በአዲስ አበባ መካከል ባለው በፉሪ ተራራ ግርጌ የሚማር ልጅ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 አካባቢ፣ እንግዳ ነገር ማየት ይችላል። ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት በቀትር ጥላ አይኖረውም።

ለምን? ፉሪ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛል። መሬት አዘንብላ ስለምትዞር ፀሐይ በሚያዝያ ልክ ከአናታችን በላይ አልፋ ወደ ሰሜን ትሄዳለች፤ በነሐሴ በዚያው ትመለሳለች። በእነዚህ ቀናት መካከል የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ፣ በቀሪዎቹ ወራት ወደ ሰሜን ይወድቃል። የለንደን ልጅ ይህን በአገሩ ፈጽሞ ሊያይ አይችልም።

አስተዋይ ልጅ ሌላም ይጠይቃል። ጥላው የሚጠፋው በ6 ሰዓት ሳይሆን በ6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። የአገራችን ሰዓት የተቃኘው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን ፉሪ ያለው 38.7 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፀሐይ አንድ ዲግሪ ለመጓዝ 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት ልዩነቱ ወደ 25 ደቂቃ ይጠጋል።

ከዚህ በኋላ ሒሳቡ ይመጣል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያው ኤራቶስቴንስ የመሬትን ዙሪያ ያሰላው በጥላ ነበር። የእኛም ልጆች ይችላሉ። በፉሪ ጥላ በሚጠፋበት ቀን ጎንደር ያለ ትምህርት ቤት አንድ ሜትር እንጨት ተክሎ በራሱ ቀትር ቢለካ፣ 6.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥላ ያገኛል። ይህ 3.7 ዲግሪ ማዕዘን ነው። የሁለቱ ቦታዎች የሰሜን–ደቡብ ርቀት ወደ 410 ኪሎ ሜትር ነው። 360ን ለ3.7 አካፍለው በ410 ሲያባዙት 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። የመሬት ዙሪያም ይኸው ነው። ተማሪው ትሪጎኖሜትሪ ምን እንደሚሠራ የዚያን ዕለት ይገባዋል።

የሚያስፈልገው ወጪ ጥቂት ነው፤ ቀጥ ያለ እንጨት፣ የግንበኛ ቱምቢ፣ ማስመሪያና ሰዓት። የሚከብደው የመምህሩና የወላጁ ድርሻ ነው። መልሱን ቀድሞ መናገር ሙከራውን ይገድለዋል። «ጥላው የት ሄደ?» ብሎ ጠይቆ መታገሥ፣ ልጁ የተሳሳተ ግምት ቢሰጥም ሳይሳለቁ «እንዴት እናረጋግጥ?» ማለት ይሻላል። መልሱን የማያውቅ ወላጅም «አብረን እንየው» ቢል ክብሩ አይነካም።

ነሐሴ ደመናማ ስለሆነ ሚያዝያ ይመረጣል። ከሳምንት በፊት ጀምሮ በየቀኑ ቀትር የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ነው። ጥላው ዕለት ዕለት ሲያጥር ያየ ልጅ በአምስተኛው ቀን ቀጥሎ የሚሆነውን ራሱ መተንበይ ይጀምራል።