የአልማዝ ምስክር ወረቀት ምን ይናገራል? ምንስ አይናገርም?

ወርቅ የሚገዛ ሰው ሚዛኑንና ካራቱን ካወቀ ዋጋውን አስልቶ መከራከር ይችላል። የዕለቱ የዓለም ገበያ ዋጋም ለገዢውም ለሻጩም የታወቀ ነው። አልማዝ ግን እንዲህ አይደለም። ክብደታቸው እኩል ከሆነ ሁለት አልማዞች አንዱ ከሌላው በብዙ እጥፍ ሊወደድ ይችላል፤ የልዩነቱም ምክንያት ላልሠለጠነ ዓይን አይታይም። ለንግድ ዱባይ ደርሶ፣ ለጌጥም ይሁን ለጥሪት፣ ወርቅ ገበያ ውስጥ አልማዝ የሚመርጥ የአዲስ አበባ ነጋዴ ከሻጩ ቃል ሌላ የሚመካበት ነገር ቢኖር የደረጃ ምስክር ወረቀቱ ነው። ወረቀቱን ማንበብ ያልቻለ ገዢ ግን መተማመኛ ሳይሆን ማስታወቂያ ይዞ ሊመለስ ይችላል።

በቅድሚያ አንድ የስም መምታታት መጥራት አለበት። በወርቅ ንግድ ካራት ማለት የንጽህና መለኪያ ነው። 24 ካራት ንጹሕ ወርቅ ሲሆን፣ 18 ካራት ደግሞ ከ24 እጅ 18ቱ ብቻ ወርቅ ነው። በአልማዝ ግን ካራት ክብደት ነው። አንድ ካራት 200 ሚሊግራም ይመዝናል፤ አንድ ግራም አምስት ካራት ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ «18 ካራት ቀለበት ባለ አንድ ካራት አልማዝ» ሲባል ሁለቱ ካራቶች የሚናገሩት ስለተለያየ ነገር ነው።

አራቱ መለኪያዎች

ዛሬ ገበያው የሚሠራበትን የደረጃ ሥርዓት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1931 የተቋቋመው የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ኢንስቲትዩት (ጂ.አይ.ኤ) ነው። ኢንስቲትዩቱ የመጀመሪያዎቹን የአልማዝ ደረጃ ምስክር ወረቀቶች የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። መለኪያዎቹ ክብደት፣ ቀለም፣ ንጽህናና አቆራረጥ ናቸው።

የቀለም ደረጃ «ዲ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ጀምሮ እስከ «ዜድ» ይዘልቃል። «ዲ» ፍጹም ቀለም አልባ ሲሆን፣ ወደ «ዜድ» በተጠጋ ቁጥር ቢጫነት ወይም ቡናማነት ይጨምራል። ከ«ኤ» ያልተጀመረው ቀደም ሲል ነጋዴዎች እነዚያን ፊደሎች እንደየፍላጎታቸው ይጠቀሙባቸው ስለነበር ነው።

ንጽህና የሚመረመረው አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ነው። ደረጃዎቹ 11 ናቸው። ምንም እንከን ያልታየበት «ፍሎውለስ» ይባላል፤ ከዚያ «ቪ.ቪ.ኤስ»፣ «ቪ.ኤስ» እና «ኤስ.አይ» እያለ እንከኑ በግልጽ እስከሚታይበት «አይ 3» ይወርዳል። በ«ቪ.ኤስ» ደረጃ ያለው እንከን በባዶ ዓይን አይታይም። ለጌጥ የሚገዛ ሰው ከዚያ በላይ ላለው ደረጃ የሚከፍለው ጭማሪ ማንም ለማያየው ልዩነት መሆኑን ማወቅ ይኖርበታል።

አቆራረጥ ከአራቱ በሰው እጅ ሥራ ብቻ የሚወሰነው ነው። ድንጋዩ ያለ ልክ ከጠለቀ ወይም ከሳሳ የገባው ብርሃን በጎንና በታች ያመልጣል፤ ቀለሙና ንጽህናው ያማረ አልማዝም የፈዘዘ ይመስላል። ጂ.አይ.ኤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለክብ አልማዝ ከ«ኤክሰለንት» እስከ «ፑር» አምስት የአቆራረጥ ደረጃዎችን ይሰጣል።

ትንሽ ክብደት፣ ትልቅ ገንዘብ

እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የሚወጣው የራፓፖርት የዋጋ ዝርዝር ለጅምላ ነጋዴዎች የድርድር መነሻ ሆኖ ያገለግላል። ዝርዝሩ አልማዝን በክብደት መደብ ይከፋፍላል፤ ከ0.90 እስከ 0.99 ካራት አንድ መደብ ነው፣ ከ1.00 እስከ 1.49 ሌላ። ዋጋው በመደቡ ወሰን ላይ ይዘላል። ለአብነት ያህል፣ በታችኛው መደብ የካራቱ ዋጋ 5 ሺህ ዶላር፣ በላይኛው 6 ሺህ ዶላር ነው እንበል። 0.95 ካራት የሚመዝነው 4,750 ዶላር ሲያወጣ፣ ልክ 1.00 ካራት የሆነው 6,000 ዶላር ያወጣል። ገዢው ለ10 ሚሊግራም ልዩነት 1,250 ዶላር ጨመረ ማለት ነው። በጣት ላይ ሲታዩ ግን ሁለቱን መለየት ያዳግታል።

የማን ወረቀት?

ለቡና ነጋዴ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የቡና ደረጃ የሚታመነው ቀማሹና እንከን ቆጣሪው የሚታመን ከሆነ ነው። የአልማዝ ቀለምና ንጽህናም በመጨረሻ የባለሙያ ፍርድ በመሆኑ፣ አንዱ ላቦራቶሪ ጥብቅ ሌላው ልል ሊሆን ይችላል። ልል ላቦራቶሪ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ከፍ አድርጎ የጻፈለትን ድንጋይ ሻጩ «ከገበያው 20 በመቶ የረከሰ» ብሎ ሲያቀርበው፣ ገዢው የሚያገኘው ቅናሽ ሳይሆን ዝቅተኛ ድንጋይ በራሱ ዋጋ ነው።

ጉዳዩ ገበያውን አናውጦ ያውቃል። ራፕኔት የተባለው የአልማዝ መገበያያ መድረክ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2014 ጀምሮ በኢ.ጂ.ኤል ስም የሚወጡ ምስክር ወረቀቶችን ከዝርዝሩ አስወጥቷል። ጂ.አይ.ኤ ራሱም እ.ኤ.አ. በ2005 ደረጃ ለማስጨመር ጉቦ ተሰጥቷል የሚል ክስ ከተነሳ በኋላ ባደረገው ምርመራ ሠራተኞችን አሰናብቷል። በመሆኑም የአንድን ድንጋይ ዋጋ ከሌላው ጋር ማነጻጸር ተገቢ የሚሆነው ወረቀታቸው ከአንድ ላቦራቶሪ የወጣ እንደሆነ ነው።

ወረቀቱ የማይናገረው

የደረጃ ምስክር ወረቀት የዋጋ ግምት አይደለም። ለኢንሹራንስ ተብሎ በሱቁ የሚሰጠው የዋጋ ግምት ሌላ ሰነድ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜም መልሶ ሲሸጥ ከሚገኘው ገንዘብ እጅግ የላቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ የጀመረው የኪምበርሊ የምስክር ወረቀትም ከዚህ የተለየ ነው፤ እሱ የሚከተለው ያልተቆረጠ አልማዝን ከአገር ወደ አገር ሲሻገር እንጂ በቀለበት ላይ ያለውን አይደለም።

ሌላው ትልቅ ጥያቄ ድንጋዩ ከመሬት የወጣ ነው ወይስ በላቦራቶሪ የተሠራ የሚለው ነው። በላቦራቶሪ የተሠራው እውነተኛ አልማዝ ነው፤ በተራ መነጽርም አይለይም። ሆኖም ምርቱ በመብዛቱ ዋጋው ባለፉት ዓመታት በእጅጉ ወርዷል። ጂ.አይ.ኤ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ለእነዚህ ድንጋዮች የቀድሞውን የቀለምና የንጽህና ደረጃ ትቶ «ፕሪሚየም» ወይም «ስታንዳርድ» ብቻ ብሎ መመደብ ጀምሯል። ገዢው ቁጥሮቹን ከመመልከቱ በፊት የድንጋዩ ምንጭ የተጻፈበትን መስመር ማየት ይገባዋል።

ከመክፈል በፊት

የመጀመሪያው ሥራ ወረቀቱና ድንጋዩ የአንድ መሆናቸውን ማረጋገጥ ነው። በበርካታ አልማዞች ወገብ ላይ የወረቀቱ ቁጥር በሌዘር ይቀረጻል፤ በማጉያ መነጽር ይነበባል። ቁጥሩ በላቦራቶሪው መዝገብ ውስጥ ሲፈለግ የሚገኘው ክብደትና የሚሊሜትር ልኬት በእጅ ካለው ድንጋይ ጋር መግጠም አለበት። በቀለበት ላይ የታሰረ ድንጋይ በትክክል ስለማይመዘን፣ ለከፍተኛ ዋጋ ግዢ ያልታሰረውን መምረጥ ይሻላል። የአስተያየት መስመሩም ይነበብ፤ ድንጋዩ በሌዘር ተበስቶ ወይም ቀለሙ በሙቀት ተለውጦ ከሆነ የሚጠቀሰው በወረቀቱ ላይ ነው።

ገንዘቡን ለማቆየት ብሎ የሚገዛ ደግሞ ሻጩን አንድ ጥያቄ ይጠይቀው፤ «ይህንኑ ድንጋይ ነገ ባመጣልህ በስንት ትገዛኛለህ?» ወርቅ ሻጭ መልሱን ከሚዛኑ ላይ አንብቦ ይናገራል። አልማዝ ሻጩ የሚጠራው ዋጋና ዛሬ የጠየቀው ዋጋ ያላቸው ልዩነት ግን በየትኛውም ምስክር ወረቀት ላይ አልተጻፈም። ገዢው ያንን ልዩነት ከመክፈሉ በፊት ቢሰማው ይሻለዋል።