ሊትሩን ማን መዘገበው?

በባንክ፣ በኢንሹራንስ ወይም በትልቅ ፋብሪካ የሂሳብ ክፍል የሚሠራ ወዳጅ ያለው ሰው ነገሩን ሰምቶታል። «የአየር ንብረት ለውጥ የፋይናንስ ሪፖርት» የሚሉት ሥልጠና ነው። አብዛኛው በኦንላይን የሚሰጥ ነው፤ ብዙው ደግሞ በነፃ። ሞጁሉ ይከፈታል፣ ስላይዱ ያልፋል፣ በመጨረሻ ጥቂት የምርጫ ጥያቄዎች ይቀርባሉ፣ ላለፈው ሰርተፍኬት በኢሜይል ይላካል። የዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት መመዘኛ አውጪዎች፣ የዓለም ባንክ ቡድን አካል የሆነው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽንና በተባበሩት መንግሥታት ሥር የተሰባሰቡ የስቶክ ገበያዎች ኅብረት በዚህ ሥራ ከቀዳሚዎቹ መካከል ናቸው። ይህ ሁሉ ሆኖ ሠልጣኙ «ነገ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ምን ልሥራ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ከሪፖርቱ በስተጀርባ ያለው ሐሳብ ቀላል ነው። ድርቅ፣ ጎርፍ፣ ሙቀትና እነሱን ተከትሎ የሚመጣ የፖሊሲ ለውጥ ኩባንያን በገንዘብ ይጎዳሉ፤ እንግዲያው ባለአክሲዮንና አበዳሪ ጉዳቱ ሳይደርስ ሊያውቁት ይገባል። የካሊፎርኒያው ፒጂ ኤንድ ኢ የኤሌክትሪክ ኩባንያ በሰደድ እሳት ምክንያት የቀረበበትን የካሳ ጥያቄ መሸከም አቅቶት እ.ኤ.አ. በጥር 2019 የኪሳራ ከለላ ሲጠይቅ፣ ሐሳቡ ከመድረክ ንግግር ያለፈ መሆኑ ታየ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ደግሞ አይኤፍአርኤስ ኤስ1 እና ኤስ2 የተባሉት ዓለም አቀፍ የሪፖርት መመዘኛዎች ወጡ። ለእኛ ጉዳይ ዋናው የአየር ንብረትን የሚመለከተው ኤስ2 ነው። ኩባንያው ጉዳዩን የሚመራው ማን እንደሆነ፣ በንግድ ዕቅዱ ላይ ምን እንደሚያስከትል፣ ሥጋቱን እንዴት እንደሚለይና በምን ቁጥር እንደሚለካው ይፋ እንዲያደርግ ይጠይቃል። ናይጄሪያና ኬንያ በየደረጃው ወደ ግዴታ የሚያደርስ የጊዜ ሰሌዳ አውጥተዋል። እኛ ዘንድ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ዓለም አቀፉን የሂሳብ ሪፖርት መመዘኛ ተቀብለናል፤ ከጥር 2017 ዓ.ም. ወዲህም የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል። ስለዚህ የሪፖርቱ ጥያቄ በር ላይ ነው። የውጭ አበዳሪና የውጭ ገዢ ያለው ድርጅትማ ቀድሞ ሰምቶታል።

ሪፖርቱ ለምን ወደ ፊት እንደማይራመድ ሲጠየቅ የተለመደው መልስ «የአቅም ክፍተት» ነው። ክፍተቱ የአቅም ከሆነ መድኃኒቱ ሥልጠና ይሆናል፤ ሥልጠናው አልቆ ክፍተቱ ካልተደፈነም ሌላ ሥልጠና ይታቀዳል። ዕውቀት አያስፈልግም የሚል የለም። ከዕውቀት እኩል የከበደ፣ ግን ማንም ብዙ የማያወራለት ምክንያት አለ ባይ ነኝ። የሂሳብ መዝገባችን የሚይዘው ብርና ቀን ነው፤ የአየር ንብረት ሪፖርት የሚጠይቀው ደግሞ መጠንና ቦታ ነው። እነዚህ ሁለቱ ነገሩ በተፈጸመበት ዕለት ካልተጻፉ፣ በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ሰርተፍኬት ያለው ሰው ቢቀመጥባቸውም አይገኙም።

ጄኔሬተሩን እንውሰድ። መብራት ሲጠፋ የሚነሣው የአንድ ቅርንጫፍ ጄኔሬተር ናፍጣ ያልቅበታል። ሾፌሩ ሄዶ ያስቀዳል፣ ደረሰኝ ያመጣል፣ ገንዘብ ያዧ ከፔቲ ካሽ ታወራርዳለች። ቫውቸሩ ላይ «ለጄኔሬተር ነዳጅ» ተብሎ ብሩ ይሰፍራል፤ ኃላፊው ይፈርማል። ሊትሩ ደረሰኙ ላይ አለ፤ ወደ ሂሳብ ሶፍትዌሩ ግን አይገባም፤ ማስገቢያ ቦታ የለውማ። ደረሰኙ ከቫውቸሩ ጀርባ ተጠርዞ ዶሴ ውስጥ ይገባል፤ ዶሴው መጋዘን ይወርዳል፤ ሊትሩም አብሮ ይወርዳል።

አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በዓመት 1,000 ሊትር ያቃጠለ ቅርንጫፍ እንግዲህ 2.7 ቶን ያህል ለቀቀ ማለት ነው። ስሌቱ ማባዛት ብቻ ስለሆነ የስምንተኛ ክፍል ተማሪም ይሠራዋል። የጠፋው የሚባዛው ቁጥር ነው። ያኔ ሰዎች የዓመቱን የነዳጅ ወጪ በአንድ ሊትር ዋጋ ወደ ማካፈል ይሄዳሉ። በየትኛው ዋጋ? ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ሲነሣ የማደያው ዋጋ ደጋግሞ ተቀይሯል። አንዲት ሊትር ያልጨመረ ድርጅት በብር ሲታይ ከአምናው እጅግ የበለጠ ያቃጠለ ይመስላል፤ በእርግጥ ፍጆታውን የቀነሰውም ቅነሳው አይታይለትም። እንዲህ ያለ ቁጥር ከሚታተም ባዶውን ቢቀር ይሻላል።

እዚህ ላይ ሥልጠናዎቹ ራሳቸው የሚያሳስቱት ነገር አለ። ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ምሳሌ ኤሌክትሪኩን ከከሰል ወይም ከጋዝ የሚያመነጭ አገር ኩባንያ ነው፤ ከፍተኛው ቁጥር የሚገኘውም ከመብራት ሂሳብ ነው። በኢትዮጵያ ከመስመር የሚመጣው ኃይል ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው። ምሳሌውን እንዳለ የገለበጠ ድርጅት ቆጣሪውን ሲያነብ ይውልና ጄኔሬተሩንና መኪናዎቹን ይረሳል። ከዚያም የመብራት ልቀቱ ኢምንት ሆኖ ሲያገኘው «እኛን አይመለከተንም» ብሎ ይደመድማል። ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የእኛ ኩባንያዎች ዋና ጉዳይ የሚለቁት ጭስ ሳይሆን የሚደርስባቸው ጉዳት ነው። ያ ከውሃ የሚመጣ ንጹሕ ኃይል ራሱ ዝናብ ሲጠፋ ይጠፋል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ በመቀነሱ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር። በዚያ ሰሞን ምርት ያጓደለ ፋብሪካ ያጣውን ገቢ ቢጽፍ፣ ኤስ2 ከሚጠይቀው አንዱን ዋና ነገር በአንድ ገጽ መለሰ ማለት ነበር።

ጉዳት ደግሞ ቦታ አለው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ የአዋሽ ወንዝ ሞልቶ አፋር ውስጥ መንደሮችንና እርሻዎችን አጥለቅልቋል። በዚያ ሜዳ ላይ ላለ የመስኖ እርሻ ብድር የሰጠ ባንክ አለ እንበል። የብድር ዶሴው ወፍራም ነው። መያዣው አዲስ አበባ ያለ ሕንፃ ነው፤ የባንኩ መሐንዲስ ሕንፃውን ለክቶ ገምቶታል፤ ካርታው፣ ፕላኑ፣ የመንገዱ ስፋት ሳይቀር ተጽፏል። ብድሩ የተመዘገበው ውሉ በተፈረመበት ቅርንጫፍ ስም ነው፤ ዘርፉ «ግብርና» ይላል። ገንዘቡ የሚሠራበት መሬት ግን በማመልከቻው ውስጥ አንድ መስመር ሆኖ ይቀራል፤ ከወንዙ ምን ያህል እንደሚርቅ የጠየቀ የለም። የባንኩ ቦርድ «በአዋሽ ጎርፍ ሜዳ ላይ ስንት ብር አለን?» ቢል፣ ከሲስተሙ አውጥቶ የሚመልስለት አያገኝም። ጎርፍ ቢመጣ የሚጠቃው ገንዘብ አዲስ አበባ እንዳለ ተደርጎ ተጽፏልና።

በፖሊሲ በኩል ያለውም ያው ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል፣ ለመኪና አስመጪ ያበደረ ሁሉ ስሌቱን እንደገና መሥራት ነበረበት። መዝገቡ ላይ «ትራንስፖርት» ወይም «ገቢ ንግድ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ግን የትኛው ብድር ከነዳጅ መኪና፣ የትኛው ከኤሌክትሪክ መኪና ጋር እንደተያያዘ መለየት ዶሴ በዶሴ መግለጥ ይጠይቃል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ ቡና ላይ አይተነዋል። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ሕግ የፋይናንስ ሪፖርት ሕግ ባይሆንም ሕመሙ አንድ ነው። ቡናው የበቀለበት ማሳ መገኛ ይታወቅ ይላል፤ እስከ 4 ሄክታር ድረስ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ የማሳው ድንበር ሙሉ ይሣላል። ከኤክስፖርት ገቢያችን ሲሶ ያህሉን የሚያመጣ ምርት ላይ ሲደረስ ላኪዎቻችንን ያስጨነቃቸው ሕጉን አለማወቅ አልነበረም። ሕጉንማ በየአውደ ጥናቱ ተምረውታል። የቸገራቸው፣ ከብዙ አነስተኛ ገበሬዎች በሰብሳቢና በአቅራቢ በኩል ተቀላቅሎ የመጣው ቡና የማሳ አድራሻ የሌለው መሆኑ ነው። ሕጉ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ለትልልቆቹ ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. እስከ 2026 መጨረሻ ተገፍቷል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የተጠቀመው ማሳ ለማሳ እየዞረ ነጥብ የመዘገበ ነው።

መዝገቡ በሌለበት ሥልጠናው ሲበዛ የሚከተለውን መገመት አይከብድም። አንደኛ፣ ሪፖርቱ የፎቶ አልበም ይሆናል። «የአየር ንብረት» በሚለው ርዕስ ሥር ሠራተኞች በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ችግኝ ሲተክሉ ይታያሉ። ችግኙ መልካም ነው፤ ጥያቄው ግን ኩባንያው ለአካባቢ ምን አደረገ የሚል አልነበረም። አየሩ ሲለወጥ ኩባንያው ምን ይሆናል ነበር። ሁለተኛ፣ ቁጥሩን አማካሪ ድርጅት በግምት ይሞላዋል፤ ኦዲተሩም ምንጩን ሲጠይቅ የሚቀርብለት የኤክሴል ሠንጠረዥ ይሆናል። ሦስተኛ፣ መመዘኛው በቅንነት የሰጠው እፎይታ መሸሸጊያ ይሆናል። ኤስ2 ያለ ከመጠን ያለፈ ወጪና ድካም በሚገኝ መረጃ መሥራትን ይፈቅዳል፤ ከአቅራቢና ከደንበኛ የሚመጣውን ልቀት በመጀመሪያው ዓመት ማለፍም ይቻላል። ለታዳጊ አገር ኩባንያ ይህ ተገቢ ነው። ዘንድሮ መመዝገብ ላልጀመረ ሰው ግን መረጃው በየዓመቱ «ለማግኘት የሚያዳግት» እንደሆነ ይኖራል።

ቦታውን የመመዝገብ ሐሳብ የራሱ አደጋ እንዳለው መካድ አይገባም። ባንክ ቦረና ውስጥ ያለው ብድር ለድርቅ የተጋለጠ መሆኑን በቁጥር ካየ፣ ቀላሉ መንገድ ቦረናን መተው ነው። ከባንክ ብድር የሚደርሰው ቀድሞውንም ትንሽ የሆነ ገበሬና አርብቶ አደር፣ እሱ ባላመጣው ሙቀት ደግሞ በሩ ይዘጋበታል። ሥጋቱ እውነተኛ ነው፤ ተቆጣጣሪ አካልም ካሁኑ ሊያስብበት ይገባል። ሆኖም እዚያው ቦረና ሌላም ምሳሌ አለ። ከ2004 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ሳተላይት በሚያነበው የግጦሽ ልምላሜ ላይ የተመሠረተ የከብት መድን ሸጧል። ሣሩ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ የሞተ ከብት ሳይቆጠር ካሳ ይከፈላል። መድኑ ያዳረሰው ሰው ከችግሩ ስፋት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ቢሆንም ቦታው በመታወቁ አርብቶ አደሩ ከመገለል ይልቅ ደንበኛ ሆኗል፤ መረጃውም በዚህች አገር ሊገኝ የሚችል መሆኑን አሳይቷል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ ያለበት ይመስለኛል። መጀመሪያ ቅጹ፣ ቀጥሎ ሥልጠናው። በነዳጅ ቫውቸር ላይ ሊትር፣ በመብራት ክፍያ ላይ ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በብድር ማመልከቻ ላይ ገንዘቡ የሚሠራበት ወረዳና ከተቻለም የካርታ ነጥብ፤ ሦስቱም ወደ ሶፍትዌሩ እንዲገቡ ማድረግ። ይህ ትልቅ ወጪ አይጠይቅም፤ የፋይናንስ ኃላፊው አንድ ሰርኩላርና የአይቲ ክፍሉ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ከዚያ ሊሠለጥኑ የሚገባቸው ሰዎች ዛሬ ኦንላይን ከሚገቡት የተለዩ ናቸው። ሾፌሩ፣ ገንዘብ ያዧ፣ የስቶር ሠራተኛው፣ የብድር ኦፊሰሩ፤ በየሚሠሩበት ቋንቋ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም፣ በግማሽ ቀን። ብሔራዊ ባንክም ከባንኮች በሚቀበለው የብድር ሪፖርት ላይ የቦታ ዓምድ ቢጨምር ከብዙ ዌቢናር የበለጠ ይሠራል፤ ባንክ የሚጠየቀውን ይመዘግባልና።

አዲስ አበባ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሁለተኛውን የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ አስተናግዳለች፤ እ.ኤ.አ. በ2027 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታትን የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ32ን፣ ታስተናግዳለች። እስከዚያ ድረስ ኩባንያዎቻችን «ሪፖርት አለን» እንዲሉ ግፊቱ ይበረታል፤ የሥልጠና ግብዣውም እንዲሁ። ባለአክሲዮን ወይም የቦርድ አባል የሆነ ሰው በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ስንት ሠራተኛ እንደሠለጠነ ቢነገረው አይርካ። ድርጅቱ አምና ስንት ሊትር ናፍጣ እንዳቃጠለና ብድሩ ወይም ንብረቱ በየትኞቹ ወረዳዎች እንዳለ ይጠይቅ። መልሱ «እናጣራለን» ከሆነ፣ በዚያ ዓመት የሚታተመው የአየር ንብረት ሪፖርት የተጻፈው ያለ መዝገብ መሆኑን ይወቅ፤ ድምፁንም በዚያው ልክ ይስጥ።