የአስተማሪው እጅና የመሣሪያው ባለቤት

ዕውቀት ከሥራ ይመነጫል፤ በሥራ ይፈተናል፤ ተመልሶም ሥራን ያሻሽላል። ይህ እውነት ለሠራተኛው አዲስ አይደለም። ቶርኖ ነክቶ የማያውቅ ሰው ብረት መቅረጽን ላስተምር ብሎ ቢመጣ፣ በማሽኑ ላይ ዕድሜውን ያሳለፈው ሠራተኛ የሰውየውን ልክ ለማወቅ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅበትም። በዩኒቨርስቲ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ግን ተመሳሳዩ ጉድለት ለዓመታት ተሸፍኖ ሊኖር ይችላል። ተማሪው መሣሪያውን ስላላየው አይጠይቅም፤ አስተማሪው ከመጽሐፍ ያገኘውን በሰሌዳ ላይ አስፍሮ ይወጣል፤ ፈተናውም የተጻፈውን መልሶ መጻፍን እንጂ በተጻፈው መሠረት መሥራትን አይለካም።

ይህ ጉድለት በተለይ ጎልቶ የሚታየው በኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ትምህርት ነው። ይህ የትምህርት ዘርፍ ኮምፒዩተርን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በአንድ ፋብሪካ፣ ሆስፒታል ወይም ቀበሌ ውስጥ መረጃ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ በማን እጅ እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚያየውና ምን ዓይነት ውሳኔ እንደሚሰጥበት ያጠናል። ስለዚህም የዚህ ትምህርት አስተማሪ ብቃት የዩኒቨርስቲው የግቢ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ካርዷ በጤና ጣቢያ የጠፋባት እናት፣ የደመወዝ ሒሳቡ የተዛባበት ሠራተኛ፣ «ዛሬ ሲስተም የለም» ተብሎ ከመስኮቱ የተመለሰ ነዋሪ ሁሉም ጉዳዩ ይነካቸዋል። ሲስተሙን የነደፈው ባለሙያ በአንድ ወቅት ተማሪ ነበር፤ ያንን ተማሪ ያስተማረውም አስተማሪ አለ።

መሣሪያን መንካትና መሣሪያን ማወቅ

ለዚህ ጉድለት መፍትሔ ተብሎ በልዩ ልዩ አገሮች የሚሠራበት ዘዴ የተግባር ዐውደ ጥናት ነው። ይኸውም አስተማሪዎቹ ራሳቸው ለጥቂት ቀናት ወደ ተማሪነት ወንበር ተመልሰው መሣሪያውን በእጃቸው እንዲሠሩበት ማድረግ ነው።

አንደኛው ዓይነት በሶፍትዌር አምራች ኩባንያዎች ድጋፍ የሚካሄደው ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በጀርመን አገር የተቋቋመው ኤስ.ኤ.ፒ. የተባለው ኩባንያ ከዩኒቨርስቲዎች ጋር ባለው ፕሮግራም አማካይነት አስተማሪዎች «ግሎባል ባይክ» በሚባል፣ ለትምህርት ሲባል በሐሳብ በተፈጠረ የብስክሌት ድርጅት ላይ ይለማመዳሉ። አስተማሪው ዕቃ ያዛል፤ ዕቃው መጋዘን ሲገባ ይመዘግባል፤ ብስክሌቱ ሲሸጥም ሒሳቡ በመዝገብ ላይ ሲያርፍ ይከታተላል። በመጽሐፍ ላይ በቀስት የተያያዙ ሳጥኖች ሆኖ ይታየው የነበረው ሒደት በእጁ ሥር ሕይወት ያገኛል።

የዚህ ጠቀሜታ አይካድም። ሆኖም አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ይቀራል። መሣሪያው የኩባንያው ንብረት ነው፤ ዩኒቨርስቲውም የሚጠቀምበት በኩባንያው ፈቃድ ነው። አስተማሪው የተማረው የትኛውን ቁልፍ ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚጫን ብቻ ከሆነ፣ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ሳይታወቀው የኩባንያው ደመወዝ አልባ ሻጭ ይሆናል። ኩባንያው ቁልፎቹን በለወጠ ቀንም ዕውቀቱ አብሮ ያረጃል። «የሰው ወርቅ አያደምቅም» የሚለው የአበው አነጋገር ለዚህ ሁኔታ በትክክል ይስማማል። ስለዚህ ጥያቄው አስተማሪው መሣሪያውን ነካ ወይስ አልነካም የሚል ብቻ ሊሆን አይችልም። መሣሪያው የማንን ሥራ ያቃልላል? አስተማሪው ሊከፍተውና ሊያስተካክለው ይችላልን? ሥራውን የሚሠራው ሰውስ በዐውደ ጥናቱ ላይ ድምፅ አለውን? የሚሉትም አብረው መነሣት አለባቸው።

ከኖርዌይ የብረታ ብረት ሠራተኞች የተገኘ ትምህርት

እነዚህ ጥያቄዎች በተጨባጭ የተነሡት በሠራተኞች መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኖርዌይ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ወደ ፋብሪካዎቹ በመግባት ላይ የነበረው ኮምፒዩተር በአባሎቹ ሥራ ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ ለመረዳት ከኖርዌይ የኮምፒዩቲንግ ማዕከል ተመራማሪዎች ጋር ተባበረ። ከተመራማሪዎቹ ግንባር ቀደም የሆነው ክሪስተን ኒጎርድ፣ ከኦሌ ዮሃን ዳል ጋር ሲሙላ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረና ሁለቱም በኮምፒዩተር ሳይንስ ከፍተኛ የሆነውን የ2001 የቱሪንግ ሽልማት የተቀበሉ ሰው ነው።

ተመራማሪዎቹ በመጀመሪያ ያሰቡት እንደ ልማዳቸው ጥናት አካሒደው ሪፖርት ለመጻፍ ነበር። ጥቂት እንደ ሔዱ ግን ይህ ለሠራተኛው እንደማይበጅ ተገነዘቡ። ስለዚህ «ውጤት» የሚለውን ቃል ትርጉም ለወጡት፤ ውጤት ማለት የተጻፈ ወረቀት ሳይሆን ማኅበሩ በማዕከልም ሆነ በየፋብሪካው የሚወስደው ርምጃ ነው አሉ። ሠራተኞች በየፋብሪካቸው የጥናት ቡድን አቋቁመው ስለ ሲስተሞቹ ተማሩ፤ ጥያቄዎቻቸውንም ለአሠሪዎቻቸው አቀረቡ። በ1975 ሠራተኞች በሥራ ቦታቸው በሚገባው የኮምፒዩተር ሲስተም ላይ ሐሳብ የመስጠት መብት እንዲኖራቸው በአሠሪዎችና በሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን መካከል ስምምነት ተፈረመ።

ከ1981 እስከ 1985 በስካንዲኔቪያ የተካሄደው ዩቶፒያ የተባለው ፕሮጀክት ይህንኑ መንገድ ተከተለ። የማተሚያ ቤት ሠራተኞች ገና ያልተሠራውን መሣሪያ ለመንደፍ በጣውላና በካርቶን ሞዴል ተጠቀሙ። በአንድ ባዶ ካርቶን ላይ «ሌዘር ፕሪንተር» ብለው ጽፈው፣ ሥራው በዚያ መሣሪያ እንዴት ሊሠራ እንደሚችል ቆመው አሳዩ። ይህ የሚያስተምረን ነገር ቢኖር፣ ለተግባር ዐውደ ጥናት አስቀድሞ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ ሳይሆን ሥራውን የሚያውቅ ሰው መኖሩን ነው።

ከኬፕ ታውን እስከ አዲስ አበባ

ኒጎርድ ያስተምርበት በነበረው በኦስሎ ዩኒቨርስቲ የጎለበተው ይህ አስተሳሰብ አፍሪካ የደረሰው በጤና መረጃ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ አገዛዝ ሲያከትም የወረሰው የጤና መረጃ ሥርዓት በዘርና በአስተዳደር ክልል የተከፋፈለ ነበር። የኬፕ ታውን አካባቢ ዩኒቨርስቲዎች ባለሙያዎችና ከኦስሎ የመጡ ተመራማሪዎች ከጤና ሠራተኞች ጋር ተቀምጠው ሁሉም ጤና ጣቢያዎች የሚሰበስቡትን ጥቂት ወሳኝ መረጃ ለዩ፤ ከዚህ ሥራም ዛሬ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 የሚባለው፣ የምንጭ ኮዱ ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ተወለደ። ይህ ሶፍትዌር ከ70 በላይ በሆኑ አገሮች ያገለግላል። በታንዛኒያ የዳሬሰላም ዩኒቨርስቲ አስተማሪዎች በክፍል ያስተምሩታል፤ ራሳቸውም ያሻሽሉታል። ሥልጠናው የሚሰጠውም ተሳታፊው በኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ የጤና ጣቢያን ሪፖርት ሲያስገባ፣ ስሕተቱን ሲያጣራና ሠንጠረዡን ሲሠራ ነው።

ኢትዮጵያም በዚህ ጉዞ ውስጥ ድርሻ አላት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ እ.ኤ.አ. በ1990 ለአፍሪካ የሚያገለግል የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ከፍቷል፤ ቆይቶም አስተማሪዎቹ ከኦስሎ ዩኒቨርስቲ ጋር በጤና መረጃ ላይ ሠርተዋል። የጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. አካባቢ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2ን በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ አውሏል። በተመሳሳይ ወቅትም የአዲስ አበባ፣ የጎንደር፣ የጅማ፣ የሐረማያ፣ የሐዋሳና የመቀሌ ዩኒቨርስቲዎች ወደ ወረዳዎችና ጤና ተቋማት ወርደው የመረጃ አያያዝን እንዲያግዙ ከሚኒስቴሩ ጋር ተባብረዋል።

የዚህን ጠቀሜታ አንድ ቀላል ምሳሌ ያስረዳል። ከውጭ የመጣ መጽሐፍ ዓመቱ 12 ወር መሆኑን እንደ ማንም የሚያውቀው ነገር አድርጎ ያልፈዋል። የኢትዮጵያ ጤና ጣቢያ ሠራተኛ ግን «ጳጉሜን የት ላድርጋት?» ብሎ ይጠይቃል። አስተማሪው መሣሪያው የተዘጋ ከሆነ ጥያቄውን ሰምቶ ዝም ይላል፤ ክፍት ከሆነ ግን ከተማሪዎቹ ጋር ገብቶ መልስ ይፈልጋል። ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 ዛሬ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ያስተናግዳል።

ምን መደረግ አለበት?

በመጀመሪያ ደረጃ ዐውደ ጥናት ተብሎ የሚጠራውን ነገር መለየት ያስፈልጋል። በሆቴል አዳራሽ ተሰብስቦ ስላይድ መመልከት፣ ሻይ መጠጣት፣ አበል መቀበልና የምስክር ወረቀት ይዞ መመለስ ዐውደ ጥናት አይደለም። በሦስተኛው ቀን አስተማሪው በመጀመሪያው ቀን ሊሠራው የማይችለውን አንድ ነገር በገዛ እጁ ሠርቶ ካላሳየ፣ የወጣው ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ብክነት ነው።

ሁለተኛ፣ ዐውደ ጥናቱ ሥራው ካለበት ቦታ መነሣት አለበት። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፣ የመጋዘን ኃላፊውና ነርሷ ለምስጋና ንግግር ሳይሆን ለማስተማር መጋበዝ ይገባቸዋል፤ መረጃው ከየት እንደሚጣመም ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለምና።

ሦስተኛ፣ የኩባንያ መሣሪያ ይቅር ማለት ሳይሆን፣ ጎን ለጎን አስተማሪው ከፍቶ ሊያየው የሚችል መሣሪያ እንዲኖር ማድረግ ያስፈልጋል። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ የዲጂታል መታወቂያ የተመሠረተበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር የተጀመረው በሕንድ አገር ባንጋሎር በሚገኝ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲ ውስጥ መሆኑ፣ ዩኒቨርስቲ መሣሪያ ተቀባይ ብቻ ሳይሆን መሣሪያ ሠሪም ሊሆን እንደሚችል ያረጋግጣል።

አራተኛ፣ የዐውደ ጥናቱ ፍሬ መመዘን ያለበት በመዝጊያው ዕለት አይደለም። ከአንድ ዓመት በኋላ በአስተማሪው ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ በእጁ እንደሚሠራ፣ ከእነርሱም ስንቱ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ቀበሌ ወርዶ እንደሚያግዝ መታየት አለበት።

የነዋሪዎች ማኅበር አባልም ሆነ ሠራተኛው በዚህ ረገድ ተመልካች መሆን የለበትም። በሚቀጥለው ጊዜ «ሲስተም የለም» ሲባል፣ መመለስ ብቻ ሳይሆን ሲስተሙን ማን እንደ ነደፈው፣ የሚጠቀሙበትን ሠራተኞች ማን እንደ ጠየቃቸው፣ ሲበላሽም ማን ሊያስተካክለው እንደሚችል መጠየቅ መብቱ ነው። ይህ ጥያቄ ከመስኮቱ ተነሥቶ እስከ ዩኒቨርስቲው ሰሌዳ ድረስ ሲሰማ፣ አስተማሪው የሌላውን ቃል ከመድገም ወጥቶ መሣሪያውን የሚጨብጥ፣ መሣሪያውም ለሕዝቡ ሥራ የሚታዘዝ ይሆናል።