የደም ስብና የስታቲን መድኃኒት

ሰው ሕመም ሲሰማው ሐኪም ፍለጋ ይሄዳል፤ የማይሰማውን ግን ማን ይጠረጥራል? በደም ውስጥ ከመጠን በላይ የሚበዛው፣ ኮሌስትሮል የተባለው ስብ መሰል ነገር ጠባዩ እንዲህ ያለ ነው። አያቃጥልም፤ አይቈረጥምም። በደም ሥሮች ግድግዳ ውስጥ በዝምታ እየተጠራቀመ መንገዱን ያጠብባል፤ ኋላም በድንገት ልብን ወይም አንጐልን ይጐዳል።

ኮሌስትሮል በተፈጥሮው ጠላት አይደለም፤ ሰውነት ያለ እርሱ ሊኖር አይችልም። ከምግብ የሚገኝ ቢሆንም አብዛኛውን የሚያዘጋጀው ራሱ ሰውነታችን፣ ይልቁንም ጉበት ነው። ስለዚህ ቅቤና ጮማ የተወ ሰው እንኳ ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። በደም ውስጥ ከሚሸከሙት መካከል ኤል.ዲ.ኤል. የተባለው ሲበዛ የደም ሥርን ይጐዳል፤ ኤች.ዲ.ኤል. የተባለው ግን ትርፉን ወደ ጉበት ይመልሳል።

ጃፓናዊው ሊቅ አኪራ ኤንዶ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. ምርምር ጀምሮ 6000 ያህል የሻጋታና የመሰሎቹን ዐይነቶች መረመረ፤ በ1973 ዓ.ም. ከሩዝ ላይ ከተገኘ ሻጋታ የመጀመሪያውን ስታቲን አገኘ። ይህ መድኃኒት ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን አንድ ኤንዛይም ያግዳል። ጎተራው ሲጐድልበት ወደ ገበያ ወጥቶ እንደሚሸምት አባወራ፣ ጉበትም የራሱ ሲያንሰው ኤል.ዲ.ኤልን ከደም እየሳበ ይወስዳል። ደሙም በዚህ ይጠራል።

ጥቅሙ በቍጥር ተረጋግጧል። በ1994 ዓ.ም. ውጤቱ በታተመው ጥናት በስካንዲናቪያ አገሮች የሚኖሩ 4444 የልብ ሕሙማን ቍጥራቸው በሚቀራረብ በሁለት ወገን ተከፍለው ከአምስት ዓመት በላይ ተጠበቁ። ሲምቫስታቲን በወሰዱት ዘንድ ኤል.ዲ.ኤል. ከመቶ 35 እጅ ቀነሰ፤ ኤች.ዲ.ኤል. ከመቶ 8 እጅ ጨመረ። መድኃኒት የሌለበት እንክብል ከተሰጣቸው 256 ሰዎች ሲሞቱ፣ ሲምቫስታቲን ከወሰዱት የሞቱት 182 ነበሩ።

እንግዲህ አንባቢዎች ሆይ፤ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ሰው የደሙ ምርመራ መልካም ሆኖ ሲያገኘው «ድኛለሁ» ብሎ እንክብሉን ይተዋል። ነገር ግን ቍጥሩ መልካም የሆነው መድኃኒቱ ስለሚሠራ ነው እንጂ የነገሩ ሥር ስለ ተነቀለ አይደለም። መድኃኒቱ በተተወ በጥቂት ሳምንታት ኮሌስትሮሉ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ሲመለስም፣ አስቀድመን እንዳልነው፣ አያስታውቅም።

መድኃኒቱ ፍጹም ነው ማለታችን ግን አይደለም። በአንዳንድ ሰው ላይ የጡንቻ ሕመም ያመጣል፤ የጸነሰች ሴትም ሐኪሟን ሳታማክር ልትወስደው አይገባም። ጡንቻው የታመመበት ሰው ለሐኪሙ ቢነግር መጠኑ ይቀነስለታል ወይም ሌላ ዐይነት ይታዘዝለታል። በገዛ ፈቃድ መጀመርም ሆነ ማቋረጥ ግን ጥበብ አይደለም። መጠነኛ ምግብና የሰውነት እንቅስቃሴም ከመድኃኒቱ ጋር አብረው ይሂዱ።