ጄት እንዴት ዝግ አለ?

የመኪና ሞተር ቢሆን ጩኸቱን ማርሚታ ይውጥለት ነበር። የጄት ጭስ ማውጫ ግን በማርሚታ አይገራም፤ ምክንያቱም ጩኸቱ የሚወለደው ጋዙ ከወጣ በኋላ፣ ደጅ ነው። በከፍተኛ ፍጥነት የሚወነጨፈው ትኩስ ጋዝ ዝም ብሎ ከቆመው አየር ጋር ይላተማል፤ ይታመሳል፤ የምንሰማው ነጎድጓድ የዚያ ትርምስ ድምፅ ነው።

በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጄምስ ላይትሂል ነገሩን በ1952 እ.ኤ.አ. በቀመር አስቀመጠው። የጋዙ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የድምፁ ኃይል 256 እጥፍ ያድጋል። መድኃኒቱም እዚያው ቀመር ውስጥ አለ፦ ጋዙን ማዝገም።

መሐንዲሶቹ ግን መጀመሪያ የሞከሩት ሌላ ነገር ነው። የቀድሞዎቹ ቦይንግ 707 አውሮፕላኖች ጭስ ማውጫ በበርካታ ቱቦዎች የተከፋፈለ ነበር። ትልቁ ጅረት ሲበተን ድምፁ ይቀጥናል፤ ቀጭን ድምፅ ደግሞ አየር ላይ ቶሎ ይሟሽሻል። መላው ሠርቷል፤ ግን ክብደት ጨመረ፣ የሞተሩንም ጉልበት ቀነሰ።

ትክክለኛው መፍትሔ የመጣው ከፊት በኩል ነው። ጥቂት አየር በኃይል ከመወርወር ብዙ አየር በዝግታ መግፋት ያንኑ ጉልበት ይሰጣል። ስለዚህ ግዙፍ ፋን ተገጠመ፤ አብዛኛው አየር ሳይቃጠል በሞተሩ እምብርት ዙሪያ ያልፋል። ለምሳሌ ጂኢኤንኤክስ በተባለው የጄት ሞተር ወደ እምብርቱ ለሚገባው አንድ እጅ አየር ዘጠኝ እጅ ያህል በውጭ ይፈሳል። ዋናው ዓላማ ነዳጅ መቆጠብ ነበር፤ ጸጥታው እንደ ምርቃት ተገኘ ማለት ይቻላል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2004 ዓ.ም. መረከብ የጀመረውን ቦይንግ 787 ከኋላ ያየ ሰው፣ የሞተሩ ሽፋን ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ መቆረጡን ያስተውላል። ጥርሶቹ ከፋኑ የሚወጣውን አየር ከውጭው ጋር ያቀላቅላሉ፤ ወፍራሙን ጉምጉምታ የሚፈጥሩት ትልልቅ ሽክርክሪቶችም ይዳከማሉ። ዋጋው ጥቂት የጉልበት ብክነት ነው። በ2008 ዓ.ም. ወደዚሁ አየር መንገድ የመጣው ኤርባስ ኤ350 ይህ ጥርስ የለውም። እኔም ጥርሱን እንደ ረዳት እንጂ እንደ ዋና ባለሙያ አላየውም።

የጭስ ማውጫው ጩኸት ሲበርድ ሌላው ጯሂ ጎልቶ ወጣ፦ ፋኑ ራሱ። ለእሱ የሽፋኑ የውስጥ ግድግዳ ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ድምፅ መጣጭ ይለበጣል። አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲቃረብ ደግሞ ሞተሩ ስለሚረግብ፣ ከተዘረጉት ጎማዎችና የክንፍ ፍላፖች የሚነሳው የነፋስ ፉጨት ከሞተሩ ድምፅ ጋር ይፎካከራል።