አዛውንት ለማኖር ፈቃድ ለምን ያስፈልጋል?

አዛውንትን በቤት ተቀብሎ ለመጦር ከመንግሥት ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል ቢባል ከመካከላችን የሚስቅ አይጠፋም። መጦር የልጅ ግዴታና የዘመድ ወግ ነው እንጂ በማኅተም የሚሠራ ነገር አይደለም እየተባልን አድገናልና። ይሁን እንጂ በአሜሪካ በዋሽንግተን ስቴት፣ በተለይም በሲያትል ከተማና በአካባቢዋ፣ ብዙ ወገኖቻችን በዚሁ ሥራ ይተዳደራሉ። ከዚህ ግቢም አክስቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ እዚያ አዛውንት እያስታመመ የሚረዳው ተማሪ አይታጣም። ስለዚህ ሥራው በምን ሕግ እንደሚመራ ማወቁ «ፈረንጅ ወላጁን ይጥላል» እያሉ ከማማት ይሻላል።

ቤቱ በእነሱ ዘንድ «አደልት ፋሚሊ ሆም» ይባላል፤ በአንዳንድ ሌሎች ስቴቶች «አደልት ፎስተር ኬር» ከሚሉት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሆስፒታል አይደለም፤ በሰፈር መካከል ያለ ተራ መኖሪያ ቤት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1989 የወጣው ሕግ እንደሚተረጕመው፣ በሥጋም በጋብቻም የማይዛመዱትን ከአንድ በላይና ከ6 ያልበለጡ ሰዎች ተቀብሎ ምግብ፣ መኝታና የሰውነት እንክብካቤ የሚሰጥ ሰው ፈቃድ ማውጣት አለበት። በ2020 በወጣው ማሻሻያ ደግሞ ልምድ ያለውና ልዩ ልዩ ግዴታዎችን ያሟላ ቤት እስከ 8 ሰው ድረስ እንዲያኖር ተፈቅዷል።

እንግዲህ ወሰኑ የት ላይ እንደ ተሰመረ ልብ እንበል። የገዛ እናቱን የሚጦር ሰው እዚያም ቢሆን ፈቃድ አይጠየቅም። ሕጉ የሚገባው ባዕድ ሰው በገንዘብ ሲጦር ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በዘመድ መካከል ይሉኝታ አለ፤ እርግማን መፍራት አለ፤ ጐረቤትም ያያል። ለማያውቁት ሰው ግን በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚያይ ማን ነው? ይልቁንም ሰውየው መናገር የተሳነው ወይም የመርሳት በሽታ የያዘው ከሆነ፣ ራቱ ቢጓደል ለማን ይነግራል? ከፋዩ አንዳንድ ጊዜ ቤተሰቡ፣ አንዳንድ ጊዜ መንግሥት ነው፤ ነገር ግን ማንም ይክፈል፣ ከወጪ የተቈጠበው ሁሉ ለባለቤቱ ትርፍ ይሆናል። ፈቃድ ማለት እንግዲህ በጐደለው የጐረቤት ዓይን ፈንታ የተተካ ዓይን ነው።

ይህ ዓይን በመጀመሪያ የሚመለከተው ሰውየውን ነው። አመልካቹ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሰ፣ ባለፉት 60 ወራት ውስጥ ቢያንስ 1,000 ሰዓት በማስታመም ሥራ ላይ የቈየ መሆን አለበት። ስለ ቤት አስተዳደርም ትምህርት ይወስዳል፤ የወንጀል መዝገቡም ይመረመራል። እንግሊዝኛ ማንበብና መግባባትም ይጠበቅበታል። ይህ መጤውን ለመግፋት የተደረገ የሚመስለው ይኖር ይሆናል፤ ሆኖም በመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ማንበብና በሌሊት አምቡላንስ መጥራት ያልቻለ ሰው የሌላውን ሕይወት እንዴት ይረከባል? የሚቀጠሩት አስታማሚዎችም በ2011 ሕዝቡ ራሱ በድምፁ ባጸደቀው ሕግ መሠረት የ75 ሰዓት ሥልጠና ይወስዳሉ።

ቀጥሎ የሚመረመረው ቤቱ ነው። አንድ ሰው የሚተኛበት ክፍል ከ80 ካሬ ጫማ፣ ማለትም ከ7 ካሬ ሜትር ጥቂት ከፍ ከሚል ስፋት፣ አያንስም፤ በአንድ ክፍልም ከሁለት ነዋሪ በላይ አይተኛም። የቧንቧው ሙቅ ውኃ ከ120 ዲግሪ ፋራናይት (49 ሴንቲግሬድ ያህል) እንዳይበልጥ ታዟል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ያረጀ ቆዳ ስስ ነው፤ እጅም ፈጥኖ አይሸሽም። በየሁለት ወሩ ደግሞ እሳት እንደ ተነሣ ተቈጥሮ ከቤት የመውጣት ልምምድ ይደረጋል።

ሦስተኛውና ዋነኛው የነዋሪው አኗኗር ነው። ሰውየው ከመግባቱ አስቀድሞ ጤናውና ልማዱ ይጠናል፤ በገባ በ30 ቀን ውስጥ እንዴት እንደሚረዳ ከራሱ ጋር ተመክሮ በጽሑፍ ይሰፍራል። በ1994 የወጣው የነዋሪዎች መብት ሕግ ደብዳቤው እንዳይከፈት፣ ጠያቂ እንዲገባለት፣ መድኃኒትን እምቢ ማለት እንዲችል ይፈቅዳል። ለአስታማሚው ምቾት ሲባል አይታሰርም፤ በመድኃኒትም አይደነዝዝም። ከቤቱ ማስወጣት ቢያስፈልግ እንኳ እንደ ደንቡ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጠዋል። የዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ አዛውንቱ በክፍያ የተቀመጠ ዕቃ ሳይሆን በቤቱ የሚኖር ሰው ነው ማለት ነው።

የስቴቱ የማኅበራዊና የጤና አገልግሎት መሥሪያ ቤት ተቈጣጣሪዎቹን ቀን ሳያስታውቅ ይልካል። ጥፋት የተገኘበት ቤት መቀጫ ይከፍላል፣ አዲስ ሰው እንዳይቀበል ይታገዳል፣ ፈቃዱንም እስከ መነጠቅ ይደርሳል። ፈቃዱ ለሌላ ሰው ወይም ለሌላ ቤት አይተላለፍም።

«ደንብ ሲበዛ ፍቅር ይደርቃል» የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፣ ፍቅርን በአንቀጽ ማዘዝ አይቻልም። ግን አዛውንቱ ፍቅር እስኪገኝ ድረስ በቀዝቃዛ ክፍል ይቈይ ማለትም አይቻልም። ደንቡ የሚወስነው ከዚህ በታች አይወረድም የሚባለውን ወለል ነው። የደንቡም ጕድለት ግልጽ ነው፤ በመደበኛው ቍጥጥር ከአንዱ ጕብኝት እስከ ሌላው እስከ 18 ወር ሊያልፍ ይችላል። ይህም ከአምስት መቶ ቀን በላይ ነው። በእነዚህ ቀኖችና ሌሊቶች አዛውንቱን የሚጠብቀው እየመጣ የሚጠይቀው ዘመዱና የአስታማሚው ኅሊና ብቻ ነው።

ስለዚህ በባሕር ማዶ አዛውንት የሚያስታምሙትን ወገኖቻችንን ሥራ «ሽንት ጠረጋ» እያልን አናቃልል። ከተቈጣጣሪው ይልቅ የሕጉ እውነተኛ ፈጻሚዎች እነሱ ናቸው። የምንኰራበት የጐረቤት ዓይንም ጐረቤት ከጐረቤቱ በማይተዋወቅበት በማንኛውም ከተማ እንደሚከደን አንርሳ። ያን ጊዜ አዛውንቱን ማን ያይለታል የሚለውን ጥያቄ ሌሎች በሕግ ለመመለስ ሞክረዋል፤ መልሳቸውን ከመሳቃችን በፊት እንመርምረው።