ጂን እየጣለ የበረታ፦ የብርቱካን ዛፍ አድራቂው ባክቴሪያ

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው መንገድ ሐይቅ ከተማን አልፎ፣ በውጫሌ በኩል አምባሰልን አቋርጦ ሰሜን ወሎ ይገባል። በዚህ መስመር ውሃ በማይጠፋባቸው ጓሮዎች ብርቱካንና ሎሚ ማየት የተለመደ ነው። ዛሬ የምናስተዋውቀው የእነዚህን ዛፎች ቀንደኛ ጠላት ነው። በዓይን አይታይም፤ ባለሙያዎች በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ሊያራቡት ሞክረው እስካሁን በወጉ አልተሳካላቸውም። ይሁን እንጂ የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ የብርቱካን ምርት ወደ ሃያ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ እንዲያሽቆለቁል ዋናው ምክንያት እሱ ነው።

ሙሉ ስሙ ካንዲዳተስ ሊበሪባክተር ኤሲያቲከስ ይባላል። የሚያመጣው በሽታ በዓለም ዙሪያ ሁዋንግሎንግቢንግ ወይም ሲትረስ ግሪኒንግ በመባል ይታወቃል። ለሐይቅና ለአምባሰል የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሳይንሳዊ ዘገባ በትግራይና በሰሜን ወሎ ክፉኛ እየተጎዱ በነበሩ የብርቱካን ዛፎች ውስጥ ባክቴሪያው መገኘቱን አስታውቋል። አምባሰል ደግሞ ከሰሜን ወሎ ጋር ድንበር የሚጋራ ወረዳ ነው።

ባክቴሪያው የሚኖረው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፦ ቅጠል ያዘጋጀውን ስኳር ወደ ሥርና ወደ ፍሬ በሚያደርሰው የዛፉ ቧንቧ (ፍሎየም) ውስጥ፣ እንዲሁም ከዚያው ቧንቧ በሚመጥጠው ሲሊድ በተባለ ትንሽ ነፍሳት ሰውነት ውስጥ። አፈር ላይ ወድቆ ወይም በነፋስ ተነስቶ አይዛመትም።

ይህ የኑሮ ዘይቤ በዘረመሉ ላይ በግልጽ ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነው ሙሉ ጂኖሙ 1.23 ሚሊዮን ገደማ የዘረመል ፊደላት ብቻ አሉት። የአልፋልፋ ሥር ላይ እባጭ ሠርቶ ናይትሮጅን የሚያቀርበው ሪዞቢየም ግን ከ6 ሚሊዮን በላይ ፊደላት ይዟል። ንጽጽሩ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ ሁለቱ የአንድ ክፍል ዘመዳሞች ናቸው። አንደኛው የዘር ሐረግ ለገበሬው አፈር አዳባሪ ሲወጣው፣ ሌላኛው ዛፍ አድራቂ ሆነ።

ልዩነቱ የመጣው በአብዛኛው ጂን በመጣል ነው። ጎተራውን ሌላ ሰው የሚሞላለት ገበሬ ማረሻውን ቢሸጥ እንደማይጎዳ ሁሉ፣ ስኳርና አሚኖ አሲድ በሞላበት ቧንቧ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያም እነዚህን የሚሠሩ ጂኖች ቢበላሹበት አይሞትም። በዚህ የተነሳ ብዙዎቹ በትውልድ ብዛት ጠፍተዋል። ኃይል ተሸካሚውን ኤቲፒ እንኳ ከዛፉ ሕዋስ በቀጥታ የሚወስድበት ፕሮቲን አለው። ብዙ የዕፅዋት በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች መርዛቸውን ወደ ሕዋስ የሚወጉበት መርፌ መሰል መሣሪያም የለውም። መርፌ ባይኖረውም ዛፉ ለመከላከያ የሚያዘጋጀውን ሳሊሲሊክ አሲድ የሚያፈርስ ኢንዛይምና መከላከያ ፕሮቲኖቹን የሚያግድ ሌላ ፕሮቲን አስቀርቷል። ከጉዳቱም ብዙው የሚመጣው ዛፉ ራሱ ለመከላከል ሲል ቧንቧውን ስለሚደፍን ነው። ስኳር ቅጠል ላይ ይከማቻል፣ ሥር ይራባል።

የቤተሰቡ ታሪክ አፍሪካንም ይነካል። ሊበሪባክተር አፍሪካነስ የተባለው ዘመዱ ቀዝቀዝ ያለ ደጋ ይወዳል፤ ሙቀት ሲበረታ ምልክቱ ይደበዝዛል። የእስያው ግን ቆላውንም ይችላል። የአፍሪካው ዝርያ ንዑስ ዓይነቶች በአገር በቀል የብርቱካን ዘመዶች ውስጥ ተገኝተዋል፤ አንዱ በደቡብ አፍሪካ የተገኘው እኛ ልምጭ በምንለው ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። ይህ ንዑስ ዓይነት ኡጋንዳ ውስጥ መርማሪዎችን አሳስቶ ነበር። በፈጣን የዘረመል ምርመራ የእስያው ነው የተባለው ባክቴሪያ፣ የጂን ቅደም ተከተሉ በዝርዝር ሲነበብ የልምጩ ሆኖ ተገኘ። ምርመራ ሲባል የትኛው ጂን እንደተነበበ መጠየቅ ያስፈልጋል ማለት ነው።

የእስያውን ባክቴሪያ በዋናነት የሚያዛምተው የእስያ ሲሊድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ዘገባ ግን ኢትዮጵያ ውስጥ የአፍሪካው ሲሊድ የእስያውን ባክቴሪያ ተሸክሞ መገኘቱን ገለጸ። ይህ ነፍሳት እንደ ሐይቅ አካባቢ ያለውን ቀዝቃዛማ አየር ይወዳል። ቆላ የሚችል ባክቴሪያና ደጋ የሚወድ ተሸካሚ ሲገናኙ፣ ከቆላ እስከ ደጋ የተዘረጋው የአምባሰል መልክዓ ምድር ለሁለቱም ይመቻል።

ገበሬው በምን ይለየው? የታመመ ቅጠል የሚገረጣው ሳይመጣጠን ነው፤ ከመሐል ጅማቱ ግራና ቀኝ ያለው ብጫ አይገጥምም። የዚንክ እጥረት ያለበት ቅጠል ግን በሁለቱም ወገን ተመሳሳይ መልክ አለው። ፍሬው ያንሳል፣ ይጣመማል፣ ይመራል፤ ከታች በኩል አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። የአፍሪካው ሲሊድ መኖሩ ደግሞ በለጋ ቅጠል ላይ በሚተወው ጉብታ ይታወቃል።

የታመመን ዛፍ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ነገር ግን ብዙ ጂን የጣለ ባክቴሪያ የመውጫ መንገዱም ጥቂት ነው። ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚሄደው በሲሊድ ወይም ሰው በሚያዳቅለው ቀንበጥና በሚያጓጉዘው ችግኝ ብቻ ነው። ሲሊድ ራሱ ብዙ ርቀት አይሄድም፤ ወረዳ ተሻግሮ በሽታውን የሚያደርሰው መኪና ላይ የተጫነ ችግኝ ነው። የተያዘ ዛፍ ደግሞ ምልክት ሳያሳይ ወራትን አልፎም ዓመታትን ሊቆይ ስለሚችል፣ ጤነኛ መስሎ መታየቱ ዋስትና አይሆንም።

ስለዚህ በሐይቅም ሆነ በአምባሰል ብርቱካን ለመትከል ያሰበ ሰው ከዋጋው በፊት የችግኙን ምንጭ ይጠይቅ፤ እናት ዛፉ ካልተመረመረ አይግዛ። ጓሮው ውስጥ ሳይመጣጠን የገረጣ ቅጠል ያየም ቀንበጥ ቆርጦ ለጎረቤት ከመስጠቱ በፊት ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ያሳይ።